የአንድ ደቂቃዋ እጩ

አበሻ የሚኖርበት የፍራንክፈርት ፎቅ ቤት ሁሉ ሦስት ነገር አያጣም፦ የቆመ ሊፍት፣ የተሳሳተ ፖስታ ሣጥን ውስጥ የገባ ደብዳቤ፣ እና ያንን ደብዳቤ ይዘው በር ለበር የሚዞሩ አንዲት ሴትዮ። ሊፍቱ የእኔ ሥራ ነው። ስለ ሴትዮዋ ግን ሦስት ዓመት ተኩል አውስቢልዱንግ፣ የሙያ ሥልጠና፣ ስማር ማንም አላስጠነቀቀኝም።

የሰፈራችን የቦናመሷ እትዬ ጽገወይኒ ይባላሉ። ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ሠላሳ አራቱን አረጋውያን ሲንከባከቡ አሳልፈዋል። አስመራ በአማርኛ ስለተማሩ ከእኛ ጋር በአማርኛ ያወራሉ፣ በትግርኛ ይቆጣሉ፣ በጀርመንኛ ደብዳቤ ይጽፋሉ። በር ሲከፈትላቸው የሚሏት ነገር አንዲት ናት፦ «አንድ ደቂቃ ብቻ!»

እኔ ጊዜ መለካት ሥራዬ ነው። የሊፍት በር ተከፍቶ እስኪዘጋ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ አውቃለሁ። የእትዬን አንድ ደቂቃም ለክቻለሁ። አጭሩ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ነበር፤ እሱም የቤቱ ባለቤት ለማታ ፈረቃ መሮጥ ስለነበረበት ነው። ረጅሙ አራተኛ ፎቅ እማማ ፋጥና ቤት የተፈጸመው ነው። ለአንድ ደብዳቤ ገብተው ለኢንሹራንሱ ደውለው፣ የፍሪጁን በረዶ አቅልጠው፣ መጋረጃውን አጥበው መልሰው ሰቅለው ወጡ።

ባለፈው ምርጫ ለሄሰን ክልል ምክር ቤት፣ ለላንድታግ፣ የተወዳደሩት እንግዲህ እኚህ ሴትዮ ናቸው።

ምክንያቱ የሒሳብ መምህር ነው። የልጅ ልጃቸው ክፍል መምህር ጠፍቶለት እስከ ፋሲካ ድረስ ሒሳብ ሳይማር ቆየ። እትዬ ለትምህርት ቤቱ ጻፉ፤ «የከተማው ጉዳይ ነው» ተባሉ። ለከተማው ጻፉ፤ «የክልሉ ጉዳይ ነው» ተባሉ። ደብዳቤውን አጥፈው ቦርሳቸው ከተቱና እኔን ጠየቁኝ።

«ክልሉ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ቪስባደን።»

«በኤስባን ባቡር ስንት ነው?»

«ከሃውፕትባንሆፍ ጣቢያ አርባ ደቂቃ ገደማ።»

«ቅርብ ነው እኮ!» አሉ። ተወዳደሩ።

ፓርቲ የላቸውም፤ «የመራጮች ቡድን» አቋቋሙ። ምሥረታው የተካሄደው ኬለር፣ ከሕንፃው ሥር ባለው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ሰባት ሰው ተገኝቶ ነበር፤ ሁለቱ ልብሳቸው እስኪጨመቅ የሚጠብቁ። እኔ ሊፍት ልጠግን መጥቼ ፊውዝ ፍለጋ ወረድኩና «የቴክኒክ ኃላፊ» ሆኜ ወጣሁ።

«እትዬ፣ እኔ ፖለቲካ ውስጥ አልገባም» አልኳቸው።

«ማን ግባ አለህ፣ ኣምሃ ወደይ፣ ልጄ? የቅስቀሳውን ጥላ ትከል ነው ያልኩህ።»

ተከልኩ። ነፋስ እንዳይወስደው በአራት ብሎን።

ለእጩነት ሃምሳ ፊርማ ያስፈልጋል። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ፣ ፊርማ፤ ለአንድ ሰው አንድ ወረቀት። ፈራሚው የጀርመን ፓስፖርት ያለውና በዚያው የምርጫ ክልል የሚኖር መሆን አለበት። ማብቂያው አንድ የታወቀ ሰኞ፣ በጀርመን ሰዓት አቆጣጠር አስራ ስምንት ሰዓት። ይህን ሁሉ ለክብርት እጩ ሦስት ጊዜ አነበብኩላቸው። ሦስት ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቅዳሜ ቦርንሃይም ሄዱ።

በርገር ሽትራሰ በተባለው የገበያ መንገድ ላይ ትልልቆቹ ፓርቲዎች ስክሪብቶና ፊኛ ያድላሉ። እትዬ የያዙት ታጣፊ ወንበር ነው። አላፊ አግዳሚውን አስቀምጠው «ቤት ውስጥ ማን ታሟል?» ብለው ይጠይቃሉ። ጀርመኑ ይደነግጣል። ቀጥሎ ዞር ዞር ብሎ ያያል። ቀጥሎ መናገር ይጀምራል። አንዲት አሮጊት ስለ ባላቸው ጉልበት ሃምሳ ደቂቃ ተናግረው፣ ሁለት ጊዜ አልቅሰው፣ ፈርመው ሄዱ። በአራት ቅዳሜ አስራ አንድ ፊርማ ተሰበሰበ። አስራ አንዱም ወደቀ፤ ቦርንሃይም ሌላ የምርጫ ክልል ነው።

«ነግሬዎት ነበር!»

«ነግረኸኛል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ የሰውዬው ጉልበትስ?»

በአምስተኛው ቅዳሜ ወንበራቸውን ይዘው ተመልሰው ሄዱ። ስለ ጉልበቱ ሊጠይቁ።

የራሳችን ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። እትዬን የማይወድ የለም። ሻይ ይቀዳል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ «ድምፄማ ያንቺ ነው!» ይባላል። ወረቀቱ ሲወጣ ግን መነጽር ይጠፋል። የሁሉም ሰው መነጽር፣ በየቤቱ፣ በአንድ ጊዜ። ስምንና አድራሻን ጽፎ ለፖለቲካ መፈረም ምን እንደሚያስከትል የሚያስታውስ ትውልድ ነውና አልፈርድበትም። ያም ሆኖ በስንት ምልልስ የአስራ ዘጠኙ መነጽር ተገኘ።

ወረቀታቸውን ይዘን የምርጫ ቢሮ ስንሄድ ሠራተኛው አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣ እንደገና ከላይ ጀመረ።

«ከአስራ ዘጠኙ አስራ ስድስቱ ጃንዋሪ አንድ ቀን ነው የተወለዱት?»

ሚስጥሩን እኛ ሁላችን እናውቃለን። አገር ጥለን ስንመጣ የልደት ቀኑን በወረቀት ማሳየት ያልቻለ ሁሉ ጃንዋሪ አንድ ተብሎ ተመዝግቧል። እትዬ ፈገግ እንኳ ሳይሉ መለሱ፣ «አዋላጃቸው አንድ ናት፤ ቢሮ ትባላለች።»

ሰውዬው እየሳቀ ተቀበለ። አስራ ዘጠኙም አለፉ።

እንዲህ እንዲህ እያልን የመጨረሻው ሰኞ ደረሰ። የሌሎች ጎረቤቶችም ተጨምሮ አርባ ስምንት ፊርማ አለን። ሙቀቱ ሠላሳ አራት ዲግሪ ነው። ሊፍቱ ቆሟል፤ የሚቀየረው ዕቃ ገና አልመጣም። አስራ አምስት ሰዓት ላይ ምድር ቤት የሊፍቱን ሣጥን ከፍቼ ስጎረጉር እትዬ ፋይላቸውን ታቅፈው ከደረጃው ወረዱ።

«ፋጥና ዛሬ የዓይን ሐኪም ቴርሚን አላት። አራት ወር የጠበቀችው ቀጠሮ ነው። ቋንቋውን አትችልም፣ ብቻዋን አትሄድም።»

«እትዬ! ሁለት ፊርማ እኮ ነው የቀረው!»

«አውቃለሁ። አንተ ጨርሰው።»

«ቴርሚኑን ቢያዛውሩላቸውስ?»

«ዓይኗስ ይጠብቃታል?»

ፋይሉን የመሣሪያ ሣጥኔ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ተሳደብኩ። እውነተኛ አንድ ደቂቃ።

ፓስፖርት ኖሯቸው ሳይፈርሙ የቀሩት የሕንፃው ሰው ዘጠነኛ ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛው ጋሼ ኣስመሮም ብቻ ናቸው። ሁለተኛውን ከየት እንደማመጣ አላወቅሁም። መቶ አርባ አራት ደረጃ ወጣሁ።

«ነግሬያታለሁ እኮ» አሉ ገና በሩን ሲከፍቱ። «ድምፄን እሰጣታለሁ። ፊርማዬን ግን ከባንክ በቀር ያየው የለም።»

«ጋሼ፣ ወረቀት ብቻ ነው።»

«ወረቀት ብቻ።» ወንበር ሳቡልኝ። «ወንድሜ አስመራ አንድ ዝርዝር ላይ ፈርሞ ነበር። ለምን መሰለህ? ለሰፈሩ የውኃ ቧንቧ እንዲገባ። ዝርዝሩ ዛሬም የሆነ መዝገብ ቤት ይኖር ይሆናል። ወንድሜ የለም።»

ፋይሉንና የመሣሪያ ሣጥኔን ወለሉ ላይ አሳረፍኩ።

ትንሽ አዩኝና፣ «አንተስ ፈርመሃል?» አሉ።

የምኖረው ከሁለት ሕንፃ ወዲያ፣ እዚያው ምርጫ ክልል ነው። ፓስፖርቴን ካገኘሁ ስድስት ዓመት አልፎኛል። ጥላ ተክያለሁ፣ ወንበር ተሸክሜያለሁ፣ ደንብ አንብቤያለሁ፣ መነጽራቸው በጠፋባቸው ሰዎች ስቄያለሁ። የራሴ ወረቀት ግን ከመሣሪያ ሣጥኔ ክዳን ሥር እንደታጠፈ ሰባት ሳምንት ሆኖታል። እኔ ደግሞ መነጽር እንኳ አላደርግም።

ሣጥኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ሞላሁና ፈረምኩ። ጋሼ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስደው አነበቡት።

«ጃንዋሪ አንድ። አንተም?»

«እኔም።»

«በእጅህ ግራሶ አበላሽተኸዋል።» መልሰው ሰጡኝ። ቆሙ። ተቀመጡ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «በል ስክሪብቶውን አምጣ። ዝርዝር ውስጥ ብቻህን አትገባም።»

ቀስ ብለው ጻፉ፤ ፊደላቸው እንደ ታተመ ነው። መቶ አርባ አራት ደረጃ ወረድኩ፣ ኡባን ባቡር ያዝኩ፣ አስራ ሰባት ሰዓት ከአርባ አንድ ላይ አስረከብኩ። ሃምሳ።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ምርጫው ተካሄደ። ክብርት እጩ ስድስት መቶ አስራ ሁለት ድምፅ አገኙ፤ አሸናፊው ስንት እንዳገኘ ባልናገር ይሻላል። በማግስቱ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ስንሰበሰብ የማጽናኛ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። እትዬ ቁጥሩን አዩና ዓይናቸው በራ።

«ስድስት መቶ አስራ ሁለት! ስም ዝርዝራቸው የታል?»

«የምን ስም ዝርዝር?»

«ላመሰግናቸው ነዋ!»

«የለም እትዬ። ምስጢር ነው። ማን እንደመረጠዎት ማንም አያውቅም።»

ጋሼ ኣስመሮም ማድረቂያ ማሽኑን ተደግፈው ነበር። ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ዝርዝር የለም!» አሉ። «ይሄ ሁሉ ሰው ላንቺ ድምፅ ሰጥቶ፣ ዝርዝር የለም! ጽገወይኒ፣ እንዴት ደስ ይላል በይ!»

እትዬን ደስ አላላቸውም። አገጫቸውን ይዘው አሰቡ።

«እንግዲያው ማን እንደሆነ ካልታወቀ ሁሉም ቤት ይኬዳል።»

ሊፍቱ ያን ቀን ይሠራ ነበር፤ ዕቃው መጥቶ ቀይሬዋለሁ። ከላይኛው ፎቅ ጀመርን። ከሰዓት በኋላ ሪድበርግ ሰፈር ሥራ እንዳለኝ፣ ከአንድ በር በላይ እንደማልከተላቸው አጥብቄ ነገርኳቸው። እትዬ ከደረጃው ያነሱትን የሰው ደብዳቤ ታቅፈው እጃቸው ስለሞላ ደወሉን እኔ ተጫንኩት። የማላውቃት ሴት ሕፃን ታቅፋ ከፈተች። ከኋላዋ ኩሽና ውስጥ ቧንቧ ሲንጠባጠብ ይሰማል።

እትዬ አፋቸውን ሳይከፍቱ የመሣሪያ ሣጥኔን ደፉ ላይ አሳረፍኩና፣

«አንድ ደቂቃ ብቻ!» አልኩ።