ጋሽ ቀናው ሲያንኳኩ

በየሰፈሩ አንድ የወለል ሐኪም አለ። ማንም አይጠራውም፤ ሴራሚክ ያስነጠፍክ ዕለት ግን ከች ይላል። የእኛ የጅጅጋዎቹ ክቡር ሐኪም ጋሽ ቀናው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በግምጃ ቤት ሠራተኝነት የጨረሱ፣ የግንበኛ ማንኪያ ጨብጠው የማያውቁ ጡረተኛ።

ሰው ቤት እንደገቡ ጎንበስ ብለው ወለሉን በጣታቸው አጥንት ያንኳኳሉ። "ይሄ ከሥሩ ሞልቷል። ይሄም ሞልቷል። ይሄ... ባዶ ነው።" ለቅሶ ቤት ሳይቀር አንኳኩተዋል፤ ሐዘንተኞቹ ሐዘኑ የጣላቸው መስሏቸው ብብታቸውን ይዘው አነሷቸው።

ሕጋቸው አንድ ነው። "ሲሚንቶው ማር ላሆህ እንጀራ ላይ እንደሚቀባው ነው፤ ዳር እስከ ዳር። አራት ጉብታ ጠብ ጠብ አድርጎ ሴራሚክ የሚጭን ሰው ስስታም ነው።"

አንጣፊው ዋበሪ ከቀብሪበያ ድረስ እየመጡ የሚወስዱት ባለሙያ ነው። እሳቸውን ሲያይ ግን መሸሸጊያ ያጣል። "አዴር ቀናው፣ ይሄ ወለል ነው ወይስ ከበሮ?" ይላቸዋል፤ አዴር ማለቱ አጎቴ ብሎ ማክበሩ ነው።

"እሱን እኮ ነው አንተን የምጠይቅህ።"

አንድ ቀን ጎረቤታችን ሱዓድ፣ የጨርቅ ነጋዴዋ፣ ልጇን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሎች ተቀበለች። ጋሽ ቀናው በእግሮቻቸው መካከል እየዳኹ ሄደው በዋናው ሽማግሌ እግር ሥር "ባዶ ነው" ብለው ፈረዱ። ሽማግሌው ጉዳዩ እስኪያልቅ ድረስ እግራቸውን አንጠልጥለው ተቀመጡ።

"ጋሽ ቀናው፣" አለች ሱዓድ ሲሸኙ፣ "ሁለተኛ እኔ ቤት ካንኳኩ በሩን ብቻ ያንኳኩ። እሱንም ከውጭ ሆነው።"

ከዚያ ወዲህ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው የሚቀመጡ ጨዋ እንግዳ ሆኑ። ሰፈሩ እፎይ አለ። እኔ ግን ሳያቸው አንጀቴን ይበሉኝ ጀመር፤ ወሬያቸው አጠረ፣ ትከሻቸው ወደቀ፣ ከቤት መውጣትም እየተዉ መጡ።

ሳሎኔን ሳስነጥፍ፣ ሠራተኛ ማዘዝ የማልደፍረው እኔ፣ ዋበሪን ለብቻ ጠራሁት።

"በሩ አጠገብ ያለችውን... ባዶ አድርግልኝ።"

"ወላሂ አሞሃል።"

"ለጋሽ ቀናው ነው።"

ማንኪያውን አነሣ። ከዚያ ከሴራሚኩ ጀርባ ዳር እስከ ዳር የቀባውን ሲሚንቶ ጠርጎ አራት ጉብታ ብቻ አስቀረ። "ለማንም እንዳትነግር፤ እንጀራዬ ነው።"

ወለሉ ሲደርቅ ሁለቱንም ጠራኋቸው። ጋሽ ቀናው "ትቻለሁ" ብለው አስለመኑኝ። በኋላ ተንበረከኩ። "ሞልቷል፣ ሞልቷል" እያሉ በሩ አጠገብ ደረሱ። አንኳኩ። ደገሙ። ዋበሪ ኮርኒሱን ያያል።

"ደህና ነው" ብለው ተነሡ።

ክው አልኩ። "እስቲ አንዴ ይድገሙልኝ።"

"ሰምቼዋለሁ ልጄ። ሱዓድን አስቀየምኩ፤ አንተን ደግሞ ላስቀይም?"

"እኔ አልቀየምም። እውነቱን ይንገሩኝ።"

ዋበሪን አዩት፤ እኔን አዩኝ። "ባዶ ነው" አሉ፤ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ቀጥሎ ሱዓድ ሱቅ በሚሰማ ድምፅ። "አራት ጉብታ። ዋበሪ፣ አንተም ስስታም?"

"አጠፋሁ፣ አዴር" አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ዛሬም በመጡ ቁጥር ያቺን ሴራሚክ አንኳኩተው ትነሣ ብለው ይፈርዱባታል። እኔም ነገ አስነሣታለሁ እላለሁ። እስከዚያው እንግዳ ሲመጣ፣ ረግጦ እንዳይሰብራት በሩ ላይ ቆሜ በጎን አሳልፈዋለሁ።