የመርሳው ኮማንደርና የጥበቃ ፈተና

አገራችን ውስጥ ባንክ የሌለው ከተማ አለ፤ ውሃ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የምትመጣበት ከተማም አለ። ፈተና አዋቂ የሌለው ከተማ ግን እስካሁን አላየሁም። ፈተና አዋቂ ማለት ማስታወቂያው ሳይለጠፍ ስንት ሰው እንደሚፈለግ የሚያውቅ፣ ጥያቄው ሳይወጣ መልሱ "ሐ" መሆኑን የሚነግርህ፣ ራሱ ግን በምንም ሥራ ላይ የሌለ ሰው ነው።

የእኛ የመርሳው ክቡር ኮማንደር ኡበይደላ ይባላል። ማዕረጉን የሰጠነው እኛ ነን። ፖሊስ ሆኖ አያውቅም፤ ወታደርም ሆኖ አያውቅም። በሕይወቱ ዘብ የቆመው እናቱ ያሰጣችውን በርበሬ ዶሮ እንዳይበትነው ሲጠብቅ ብቻ ነው። ነገር ግን የጥበቃ ይሁን የፖሊስ፣ የኤርፖርት ፍተሻ ይሁን የባንክ ዘብ፣ ዱላ ወይም መሣሪያ የሚያስይዝ ማንኛውም ሥራ በቴሌግራም ብቅ ካለ መጀመሪያ የሚያነበው እሱ ነው። ይህ ታሪክ ሲጀምር ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ ተመዝግቦ ሰባቱንም ጊዜ ወድቆ ነበር። እንዴት እንደወደቀ ስትጠይቀው ጸጉሩን ወደ ላይ እያበጠረ፣ "አብሽር፣ መጨረሻዋ ላይ ነው የቀረሁት" ይልሃል። አብሽር፣ አይዞህ እንደማለት፣ ለእኛ ለወሎዎች ከሠርግ እስከ ለቅሶ የምትበቃ ቃል ናት። ኮማንደሩ ግን እንደ መሥሪያ ቤት ማኅተም በሁሉ ነገር ላይ ይመታታል።

እኔ አስፋው እባላለሁ። በታሪክ ትምህርት ተመርቄ ሦስት ዓመት ራሴ ታሪክ ሆኜ ቤት ተቀምጬ ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ የጥበቃ ሠራተኞችን ወልድያ ላይ ፈትኖ እንደሚቀጥር አስታወቀ። ዕድሜ ከሠላሳ በታች፤ ቁመት ለወንድ ከአንድ ሜትር ከስልሳ አምስት፣ ለሴት ከአንድ ሜትር ከሃምሳ አምስት ያላነሰ፤ ከዚያ አፕቲትዩድ፣ የሦስት ሺህ ሜትር ሩጫ፣ ሠላሳ ፑሽ አፕ፣ ቃለ መጠይቅ። ማስታወቂያው በወጣ በማግስቱ አሥራ አራት ሰዎች በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ቆመን የኮማንደሩን ንግግር ስናዳምጥ ተገኘን።

"ፈተና እንደ በቅሎ ነው" አለን። "ጠባዩን ካላወቅክ ይረግጥሃል። እኔ ጠባዩን አውቀዋለሁ።"

ሰባት ጊዜ የተረገጠ ሰው ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያቅርብ? አመንነው።

ሦስት ሺውን ሜትር የለካው በተውሶ ብስክሌት፣ የጎማዋን ዙር እየቆጠረ ነበር። ከማንጎ ሻጮቹ ተነስተን፣ በአስፋልቱ ዳር ወደ ሲሪንቃ አቅጣጫ፣ እስከ አንዲት ትንሽ ድልድይ። እኛ እንሮጣለን፤ እሱ በብስክሌቷ ከኋላ ይከተላል፤ "አሰልጣኝ ከኋላ ነው" ይላል። የመርሳን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። በሦስተኛው ሳምንት አንድ የባጃጅ ሹፌር አዝኖልን መንገዱን በቆጣሪው ሲለካው ሦስት ኪሎ ሜትር ከስድስት መቶ ሆነ። ያን ያህል ቀን ስድስት መቶ ሜትር በነጻ ስንሮጥ ኖረናል። ልንበላው ደረስን። ኮማንደሩ ፊቱ እንኳን አልተለወጠም።

"አብሽሩ፤ ፈተናው ላይ ሲያጥርላችሁ ደስ ይላችኋል።"

አፕቲትዩዱን የሚያስተምረንም ቁጭ አድርጎ አይደለም። "ፈተና ክፍል ውስጥ ልብ ይመታል፤ በሚመታ ልብ ማሰብ ልመዱ" ብሎ እየሮጥን ይጠይቀናል። ዳገቱ ላይ ምላሳችን ወጥቶ ሳለ ከኋላ ድምፁ ይመጣል፦ "ሁለት፣ ስድስት፣ አሥራ ስምንት፣ ቀጥሎ?" የመለሰ ይቀጥላል፤ የተሳሳተ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ይወጣል። አንድ ቀን ከጉባ ላፍቶ ደጋ የመጣውን ይታገሱን፣ "ሐኪም ለሆስፒታል እንደሆነ ሁሉ፣ ገበሬ ለምን?" አለው። ይታገሱ እያለከለከ "ለማዳበሪያ ወረፋ" ብሎ መለሰ። ኮማንደሩ ብስክሌቷን አቁሞ ትንሽ አሰበና፣ "መልሱ ልክ ነው፤ ምርጫው ውስጥ ግን አይኖርም" አለው።

ለቃለ መጠይቅ ያዘጋጀውማ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። "ደካማ ጎንህ ምንድን ነው?" ከተባልን፣ "ሥራ ከጀመርኩ ሳልጨርስ መነሳት አይሆንልኝም" እንድንል አስጠንቶናል። ካቻምና ያሠለጠናቸው ሰዎች ሁሉ ይህችኑ መልስ አንድ በአንድ ሲያቀርቡ፣ ጠያቂው ስድስተኛውን ሰው ገና ሲገባ "አንተም ከመርሳ ነህ?" ብሎታል አሉ።

ከመካከላችን ብርቱዋ ዙልፋ ነበረች። ግራና ከምትባል ጎረቤት መንደር በባጃጅ እየመጣች በረጅም ቀሚስ ከወንዶቹ ዘጠኙን ትቀድም ነበር። ከዘጠኙ አንዱ እኔ ነኝ። አባቷ ሸኽ ዓሪፍ፣ በአካባቢው የሚከበሩ ሽማግሌ ገበሬ፣ ልጃቸው ለዘበኝነት ትሮጣለች ሲባል አንድ ጧት ሜዳው ድረስ መጡ። ይቆጣሉ ብለን ስንጠብቅ ከጥላ ሥር በትራቸውን ተደግፈው ተቀመጡ። ሰባት ጧት ተመላልሰው ተቀመጡ፤ አንድም ቃል አልተናገሩም። በስምንተኛው ቀሩ። ኮማንደሩ "ፈቀዱ ማለት ነው" አለን፤ እውነትም ፈቅደው ኖሯል።

ለእሱም ይህ ዙር የመጨረሻው እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሠላሳ ይሞላል። ከስልጠናው በኋላ ሁላችን በሶ ልንጠጣ ስንሄድ እሱ በሜዳው ዳር ካለው የማንጎ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አሥር ደቂቃ ተንጠልጥሎ ይቆያል። "ለክንድ ነው" ይለናል። እኛም ከሥሩ እየሳቅን እናልፋለን።

የፈተናው ቀን ወልድያ ደረስን። ግቢው በር ላይ ስልክና ቀበቶ አይገባም ተባለ። ኮማንደሩ የሁላችንንም በፌስታል ሰብስቦ፣ እንደ ልማዱ "እናንተ ቅደሙ፤ እኔ ከኋላ ነኝ" ብሎ ሁሉንም አስቀደመ። እኔ መታወቂያዬን ባጃጅ ውስጥ ረስቼ ሮጬ ሄጄ ስመለስ ሰልፉ ሊያልቅ ተቃርቧል፤ የመጨረሻው ሰው ኮማንደር ኡበይደላ ነው። ከኋላው ቆምኩ። ሲያየኝ ደስ አላለውም።

"ምን ታደርጋለህ እዚህ?"

"ተራዬን እጠብቃለሁ።"

"ግባ፣ ከእኔ ቅደም።"

"አሰልጣኝ ከኋላ ነው ካልክ ተማሪም ወረፋ ያከብራል" አልኩት፤ ቀልድ መስሎኝ።

መጀመሪያ የሚለካው ቁመት ነው። ለኪዋ ኤደን የምትባል ነርስ ነበረች፤ ስሟ ደረቷ ላይ ተጽፏል። ኮማንደሩ ጫማውን ሲያወልቅ ሁለት ካልሲ ደርቦ መልበሱን አየሁ። ጀርባውን ከመለኪያው አስጠግቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ትንፋሹን ይዞ ቆመ። ኤደን ዘንጉን ስታወርደው ወደ ላይ የተበጠረው ጸጉር ተኛ። ከወረቀቷ ላይ ዓይኗን እንኳን አላነሳችም።

"ኡበይደላ፣ ዘንድሮም አንድ ስልሳ ሦስት ነህ።"

"ተኩል" አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

"እሺ፣ ተኩል።" ድምጿ የቁጣ አልነበረም፤ ያዘነችለት ይመስላል። "ሰባት ጊዜ ነገርኩህ እኮ፤ መንገዱን ለምን በከንቱ ትደክማለህ?"

ጫማውን አደረገ። በአጠገቤ ሲያልፍ ዓይኔን አላየም። ትከሻዬን መታ አድርጎ "አንተ ረጅም ነህ፣ ግባ" ብሎ ወደ በሩ ሄደ።

አፕቲትዩዱ ላይ ተቀምጬ ለአሥር ደቂቃ ያህል ያነበብኩት አልገባኝም። ስምንት ጊዜ ከዚህች በር ያላለፈ ሰው ውስጡን እንዴት እንዲህ አወቀው? ከዚያ ወደ ጥያቄዎቹ ስመለስ ግማሾቹን በዳገቱ ላይ እያለከለክኩ የመለስኳቸው ናቸው። አለፍኩ። ሩጫው ደግሞ ገና ሳንጀምረው ያለቀ መሰለን፤ አሥራ አራታችንም በሰዓቱ ገባን። የወደቅኩት ፑሽ አፕ ላይ ነው፤ ሃያ ስምንተኛው ላይ ከመሬት ጋር ተሳሳምን፣ አልተላቀቅንም።

ስወጣ ኮማንደሩ ከበሩ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ የቀረነው የአሥራ ሦስታችን ስልክና ቀበቶ ያለበት ፌስታል አለ፤ ጉልበቱ ላይ ደግሞ ወፍራም ደብተር። ዙልፋ ቀድማ ወጥታ አጠገቡ ቆማ ጥያቄዎቹን እየነገረችው ነው፤ እሱ ይጽፋል። እኔን ሲያይ ቀና አለና፣

"ሰባተኛው ምን ነበር? እሷ ረስታዋለች።"

ደብተሩን አየሁት። የአምስት ዓመት ጥያቄ በቀን በቀኑ ተጽፎበታል፤ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን ያወጣለት ሰው ስም አለ። ሂሻም፣ አለሚቱ፣ ሙስዐብ፣ ዮርዳኖስ። የራሱ ስም የትም የለም። ምላሴ ላይ አንድ ጥሩ ቀልድ መጥቶልኝ ነበር። ዋጥኩትና ከጎኑ ተቀምጬ የማስታውሳቸውን ሃያ ሦስት ጥያቄዎች ነገርኩት። እሱም ከጎናቸው "አስፋው" ብሎ በጥሩ ጽሕፈት ጻፈ።

ወደ መርሳ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላ ወንበር ሁለታችን ነበርን። ሲሪንቃን ስናልፍ ወደ እኔ ዞረ።

"ትነግራቸዋለህ?" አለኝ።

"ምኑን?"

"አብሽር፤ ታውቀዋለህ።" በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። "ብነግራቸው ኖሮ ከእኔ ማን ይማር ነበር? አንተ ራስህ ትማር ነበር?"

መልሱን አውቀው ነበር።

ከአሥራ አራታችን ስድስት ሰው ተቀጠረ። ዙልፋም ይታገሱም ከስድስቱ ናቸው። ወሬው በወረዳችን በሀብሩ ገበያዎች ሁሉ ተዳረሰና ለቀጣዩ ዙር ሜዳው ላይ ሠላሳ አንድ ሰው ቆመ። ኮማንደሩ ሠላሳ ዓመት ሞልቶታል፤ እኔም ሞልቶኛል፤ ሁለታችንም ከእንግዲህ ለምንም አንመዘገብም። እኔ የመጣሁት ሰዓት ልይዝለት ነበር። የባጃጁን ልኬት አልረሳሁትማ።

በሁለተኛው ሳምንት ሸኽ ዓሪፍ መጡ፤ ዘንድሮ ከጥላው ሥር አልተቀመጡም። ታናሿን ልጃቸውን ለይላን አስከትለው በቀጥታ ወደ ኮማንደሩ ሄዱና፣

"አሰላሙ ዐለይኩም፣ ኡስታዝ። እንዴት አደሩ?" አሉት።

ኮማንደሩ ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንደቆመ አየ። ማንም አልነበረም። ሽማግሌው በሰባ ዓመታቸው ሥራ የሌለውን የሠላሳ ዓመት ሰው መምህር ብለው አንቱ ማለታቸው ነው። ሠላሳ አንዱም ሰው ወደ እነሱ ዞረ።

"ወዐለይኩም ሰላም፣ አባቴ" አለ እንደምንም።

"ዙልፋን አብቅተውልኛል፤ አላህ ያቆይልኝ። አሁን ታናሿን ይዤልዎት መጣሁ። ቁመቷ ትንሽ አጠር ትላለች። አንቱ ይሆናል ካሉ ትሩጥ፤ አይሆንም ካሉም ገበያ መውጣቴ ነው፣ ይዣት እመለሳለሁ።"

ኮማንደሩ ልጅቷን ጫማ አስወልቆ ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ አስጠጋት። ደብተሩን አናቷ ላይ አስተኝቶ በጣቱ ምልክት አደረገና በሜትር ለካ። ደግሞ ለካ። አጠገቡ ስለነበርኩ ቁጥሩን አየሁት፤ አንድ ሜትር ከሃምሳ አራት። አንዲት ሳንቲ ሜትር ጎደለች። "አብሽር" ሊል ነው ብዬ ጠበቅኩ። አላለም።

"ስንት ዓመቷ ነው?"

"ለረመዳን አሥራ ሰባት ትሞላለች።"

"አባቴ፣ አንድ ሳንቲ ይጎድላታል" አላቸው። "ልታድግ ትችላለች፣ ላታድግም ትችላለች። እኔ አላውቅም።" ይህን ሰው ለሃያ ዓመት ሳውቀው አላውቅም ሲል ሰምቼው አላውቅም። ድምፁን ዝቅ አላደረገም። "እኔ ስምንት ጊዜ የወደቅኩት በቁመት ነው። አንድ ጊዜም ተፈትኜ አላውቅም። ካላደገች በር ላይ ይመልሷታል፤ ልፋቱ ከንቱ ሊሆን ይችላል። ይህን አውቀው ይወስኑ።"

ከሠላሳ አንዱ ሰዎች አንዳንዶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ዓይኔን ከበሩ ላይ አላነሳሁም፤ ማን ቀድሞ እንደሚወጣ ልይ ብዬ።

ሸኽ ዓሪፍ በበትራቸው አንዴ መሬቱን መቱ። "እኔስ ስለ እሷ ቁመት እንጂ ስለ አንቱ ቁመት መች ጠየቅኩ" አሉት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ኡስታዝ የሚሉሽን ስሚ።"

ለይላ ጫማዋን አጥልቃ ከሰልፉ መጨረሻ ገባች። ኮማንደሩ ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከተተ፤ መጀመሪያ አልወጣለትም፣ በሁለተኛው ነፋ። ሠላሳ ሁለቱም ተነሱ። በበሩ በኩል የወጣ ሰው የለም። እኔም ሰዓቱን ለሽማግሌው አስይዤ፣ ለምንም ፈተና የማልመዘገበው ሰውዬ፣ ከኋላቸው መሮጥ ጀመርኩ።