የማይጎድለው የበርበሬ ጠርሙስ

(መርሳ፤ የእጅ ሥራ ማኅበሩ የሚሰበሰብበት አዳራሽ። ናስርና ሞላ አንድ ጠረጴዛ ላይ ባለ ክዳን ጠርሙሶች ያስጌጣሉ። የማኅበሩ ሰብሳቢ እትዬ ቶይባ ዛሬ ለወልዲያው ባዛር የሚሆነውን ሥራ ይመርጣሉ። ሥራው የተመረጠለት ሰው አብሮ ይሄዳል።)

ሞላ፦ በርበሬ የሚገባው ውስጥ ነው። አንተ ደግሞ ቀለሙን የቀባኸው ውስጥ ነው። ታዲያ በርበሬው የት ሊገባ ነው?

ናስር፦ አይገባም።

ሞላ፦ የበርበሬ ጠርሙስ ሆኖ?

ናስር፦ አይ ሞላ፣ ስምህ ብቻ ነው የሞላው። ስማኝ፤ ባለፈው ሳምንት እንግዳ መጣብኝ። ቡፌው ላይ ያለው በርበሬ ወርዶ ወርዶ ከታች ሁለት ጣት ቀርቶታል። እንግዳው ዓይኑን ብቻ ጣል አደረገ። መግሪብ ሳይደርስ «የናስር ቤት ጎድሏል» የሚለው ወሬ መርሳን ዞሮ ጨረሰ። ግራና ከተማ ያለችው አክስቴ ሳትቀር ደውላ፣ ታመህ ነበር ወይ አለችኝ።

ሞላ፦ ታመህ ነበር?

ናስር፦ በርበሬ ነው ያለቀብኝ። እናም ቀይ ቀለም በሰጋቱራ ለወስኩና አምስቱንም ከውስጥ እስከ አንገታቸው ለቀለቅኋቸው። ከእንግዲህ ቤቴ ረሃብ ቢገባ እንኳ ጠርሙሱ ጠግቦ ነው የሚቀበለው።

ሞላ፦ ወጥ ሲሠራስ?

ናስር፦ ያው እንደ ሰው ሁሉ አልጋ ሥር ካለው ፌስታል ይዘገናላ። ይልቅ የራስህን እይ። ሁለት የማሽላ ራስ ሳልክና ግማሹን ሳትነካው ተውከው።

ሞላ፦ ምን ያህል እንደቀረ እንዲታየኝ ነዋ።

ናስር፦ ላንተ ብቻ የሚታይ መሰለህ? እኔ ስልኬ ላይ አርባ ቪዲዮ አይቻለሁ፤ አንዱም ላይ ጉዱን በመስኮት የሚያሳይ ጠርሙስ የለም። ለማንኛውም የወልዲያው ነገር ያለቀ ነው። ሻይ ቤት ላለው ሁሉ ተናግሬያለሁ፤ ፀጉሬንም ተቆርጫለሁ። ካልሄድኩ ሁለተኛ በዚያ ሻይ ቤት በር አላልፍም። በል ሂድና እትዬ ቶይባ የት እንደደረሱ እይልኝ። ስለ ጠርሙሴ ከጠየቁህ...

ሞላ፦ ሙሉ ነው እላለሁ።

ናስር፦ ማሻአላህ፤ ቀስ በቀስ ሰው እየሆንክ ነው።

(ሞላ ይወጣል። ናስር ኮሌታውን ያስተካክላል። ሞላ ይመለሳል።)

ሞላ፦ እትዬ ቶይባ በመስኮቱ በኩል አይተውልሃል። ደስታቸው ሌላ ነው። ከሚሄዱት ጋር ስምህ ተጽፏል።

ናስር፦ አላልኩህም? ስለ አሠራሩ ምን አሉ?

ሞላ፦ ስለ አሠራሩማ ምንም። «ናስር ምንም አላስጌጠም፤ በርበሬ ብቻ ሞልቶ አስቀምጧል» ነው ያሉት። ለባዛሩ የመረጡት የእኔን ነው።

ናስር፦ (ቀስ ብሎ ይቀመጣል) ታዲያ የእኔ ስም ለምን ተጻፈ?

ሞላ፦ ከሐራ ከተማና ከግራና ወደ ባዛሩ የሚመጡ ማኅበራት አሉ፤ ምሳ የምናበላቸው እኛ ነን። ለስልሳ ሰው ወጥ በርበሬ ከየት ይምጣ እያሉ ሲጨነቁ ሰንብተዋል። አምስቱም ሙሉ ነው ወይ አሉኝ። እንዳስተማርከኝ መለስኩላቸው።

ናስር፦ ቀለም ነው አትላቸውም?

ሞላ፦ ኋላ ብያቸው ነበር። የሰው በርበሬ ቀለም ነው እያልክ አትመቀኝ ብለው ተቆጡኝ።

ናስር፦ አብሽር። እኔው ሄጄ በአፌ እነግራቸዋለሁ። እውነት መናገር ምን ያሳፍራል?

(ይወጣል። ቆይቶ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል።)

ሞላ፦ ነገርካቸው?

ናስር፦ አፌን ስከፍት ዱዓ ጀመሩልኝ። ቤትህ አይጉደል አሉ፤ አሚን አልኩ። እጅህ አይጠር አሉ፤ አሚን አልኩ። ዙሪያቸውን ያሉት ሴቶች ሁሉ እጃቸውን ዘርግተው፣ በዚያ መሀል እንዴት ተደርጎ ቀለም ነው ይባላል?

ሞላ፦ ታዲያ ምን ብለህ መጣህ?

ናስር፦ ሽንኩርቱም በእኔ ነው ብዬ።