ክብርት ሊቀ ሕፃናት እና አሥራ ሁለቱ ትንንሽ ወንበሮች

በዚህ ዓለም ልጅ ማሳደግን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ልጅ ያላሳደገው ነው። ያሳደግነውማ ስንዳክር ኖርን። ይህን የምለው በምሬት አይደለም። እሺ፣ በትንሽ ምሬት ነው። ይህን ዓይነቱን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልጃችሁ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተንጋሎ ሲያለቅስ ከየት መጣ ሳይባል ከጎናችሁ ብቅ ብሎ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ «እንዲህ ብታደርጊው ኖሮ እኮ...» የሚለው እሱ ነው። የእናንተው ጎረቤት ይሆናል፤ የሥራ ባልደረባ ይሆናል። የእኔዋ ግን ቤቴ ውስጥ ነው የምታድረው።

የወንድሜ ልጅ ናት። ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ እኔ ነኝ ያሳደግኳት። አሁን ሃያ ሁለት ሞልቷት በመምህራን ኮሌጅ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርነት ትማራለች። ድመት እንኳ አሳድጋ አታውቅም። እኔ «ክብርት ሊቀ ሕፃናት» እላታለሁ። ሹመቱን የሰጠኋት ለማሾፍ ነበር፤ እሷ ግን «ሲያንሰኝ ነው» በሚል ፊት ተቀበለችው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ መርፌ ያዝኩ። ከዚያ በኋላ ያነበብኩት ሁሉ ጨርቅ ተጠቅልሎበት ከሚመጣ አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። ስለዚህ ብዙ ነገር አውቃለሁ፤ የአብዛኛውን መጨረሻ ግን አላውቅም፣ ወረቀቱ ሁልጊዜ መሃል ላይ ተቀዶ ነው የሚደርሰኝ። ክብርት ሊቀ ሕፃናት ግን ሙሉ ሞጁል አላት። ሰማያዊ ሽፋን፣ ሁለት መቶ አርባ ገጽ፣ ስለ ልጅ አስተዳደግና ስለ ወላጆች ትምህርት። ከተሰጣት ቀን ጀምሮ ከብብቷ ወርዶ አያውቅም።

ምዕራፍ ሁለት የደረሰች ዕለት ምሳ እየበላን ሳለ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አክስቴ፣ አንቺ እኮ እኔን ያሳደግሽኝ በአምባገነናዊ ስልት ነው።»

«በምን?»

«በአምባገነናዊ። አራት የአስተዳደግ ስልት አለ። አንቺ ሁለተኛው ላይ ነሽ።»

«ከአራት ሁለተኛ ከወጣሁ ምን ይከፋል?»

«ደረጃ አይደለም አክስቴ!»

«በሕይወት አለሽ?»

«አለሁ።»

«ጥርስሽ ሙሉ ነው?»

«ሙሉ ነው፤ ግን ጥናቶች የሚያሳዩት...»

«እንግዲያው ብዪበት።»

«ጥናቶች የሚያሳዩት» የመጀመሪያው መፈክሯ ነው። ሁለተኛው «በዓይኑ ልክ ዝቅ ይበሉ» ነው። ሦስተኛው ደግሞ፣ ይሄ ነው የሚገድለኝ፣ «ምን ተሰማህ?» ነው። አንድ ጊዜ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ፣ አንድ ሕፃን ጣሪያ እስኪነቀል ያለቅሳል። እናትየው ላብ በላብ ሆናለች። ክብርትነቷ በዚያ ሁሉ እግር መሃል ቁጢጥ አሉ። «የኔ ቆንጆ፣ ምን ተሰማህ?» ሕፃኑ ለቅሶውን አቁሞ አያት። ከዚያ የበላውን በሙሉ ሞጁሉ ላይ መለሰው።

«ተሰማው» አልኩ እኔ።

እሷ ገጹን በመሐረብ እየጠረገች፣ «ራሱን ገለጸ እኮ አክስቴ፣ ይሄ ጥሩ ምልክት ነው» አለች። እስከ ዛሬ ምዕራፍ አምስት አይነበብም። እኔ ስለ ልጅ ቅጣት የማላውቀው ነገር ካለ እዚያ ውስጥ ነው የቀረው።

ደንበኛም አባራብኛለች። ሱቄ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ቀሚስ ልትለካ መጥታ ልጇ አላስቆም አላት። ሴትዮዋ ወደ እኔ እየጠቆመች፣ «ዝም በል! አለዚያ ይቺ ልብስ ሰፊ ምላስህን በመቀስ ትቆርጠዋለች!» አለችው። ሁሉም እናት እንዲህ ነው የሚለው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰፈሩ ምላስ ቆራጭ ሆኜ ኖሬአለሁ። ሊቀ ሕፃናት ከጥግ ብድግ አለች። «ይቅርታ እናቴ፣ አክስቴ የማንንም ምላስ አትቆርጥም። ልጁ መቀስ በሚይዝ ሰው ሁሉ ላይ ፍርሃት ያድርበታል። ነገ ፀጉር አስተካካይ ጋ ሲወስዱት እርስዎ ነዎት የሚቸገሩት።» ሴትዮዋ ጨርቋን ይዛ ውልቅ። ያን ቀን ጮህኩባት። ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ኧረ ይቺ ሴትዮ ክፉ አይደለችም» ብሎ የተሟገተልኝ ሌላ ሰው እንዳልነበረ ማታውን አስታወስኩ። አልነገርኳትም። አምባገነን አይደለሁ?

የክብርትነቷ እምነት ሲጠቀለል ይህ ነው፦ ልጅ ደህና ሆኖ ይወለዳል፣ ወላጅ ያበላሸዋል፣ መምህርት ታስተካክለዋለች። ወላጁንም ቢሆን በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልጠና ማስተካከል ይቻላል። ልክ እንደ ሱሪ! እኔ ሱሪ ሲጠብ እንኳ፣ የት ጋ እንደያዘው ለባሹን ሳልጠይቅ መቀስ አላነሳም።

ግን ፍርዴ ሚዛናዊ ይሁን፤ ወላጆቹም አይጣል ናቸው። ጠዋት መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። መኪናው እንኳ በቅጡ ሳይቆም ልጅ ይወርዳል፣ ቦርሳ ይወረወራል፣ «ቻው» የሚባለው ለስልኩ ይሁን ለልጁ አይታወቅም። ጃንጥላ ረስቶ የሄደ ሰው ተመልሶ ይጠይቃል። እነዚህ ግን እስከ ማታ አይጠይቁም። ማታ ደግሞ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ምሳውን ጨረሰ?» ልጁ አዲስ ዘፈን ችሏል፣ ከጓደኛው ተጣልቶ ታርቋል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የጫማውን ማሰሪያ ራሱ አስሯል። የሚጠየቀው ግን የምሳ ዕቃው ነው! ኧረ እፈሩ!

ወደ ነገሬ ልመለስ። ልጅቱ ለመመረቅ የቀራት አንድ ነገር ነበር። በምትለማመድበት መዋዕለ ሕፃናት አንድ የወላጆች ትምህርት መስጠት አለባት። አሥራ ሁለት ወላጅ ወይም አሳዳጊ ተገኝቶ መፈረም፣ የኮሌጁ ተቆጣጣሪም አይቶ ማጽደቅ አለበት። ሦስት ዕድል ይሰጣታል። ካልሆነ ዓመቱን ትደግማለች።

ለመጀመሪያው ራሷ የመጥሪያ ደብዳቤ ጽፋ ለሁሉም ቤት ላከች። ቀድቼ አላኖርኩትም እንጂ አጀማመሩ ከአእምሮዬ አይጠፋም፦ «የወላጆችን የክህሎት ክፍተት ለመሙላት በተዘጋጀው መርሐ ግብር ላይ እንዲገኙ...»

«የኔ ልጅ» አልኳት፣ «ሰውን ጎዶሎ ነህ ብለሽ ጠርተሽ ይመጣል ብለሽ ትጠብቂያለሽ?»

«ክፍተት ማለት ስድብ አይደለም አክስቴ፤ ሙያዊ ቃል ነው።»

ማንም አልመጣም። ሙያዊ በሆነ መንገድ ማንም አልመጣም።

ለሁለተኛው ደብዳቤው ተሻሻለ፤ ሁለት ሰው መጣ። አንዷ የልጇ አንድ እግር ጫማ ጠፍቶባት ልትፈልግ ነበር። ሌላው የውሃ ቧንቧ ሊጠግን የተጠራ ሠራተኛ ነው፤ እሱ ግን ጨዋ ሰው ስለሆነ እስከ መጨረሻው ተቀምጦ አዳምጧል።

ያን ቀን ልጠራት ስሄድ ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ወንበር ትደራርብ ነበር። ወንበሮቹ የሕፃናት ናቸው፤ ቁመታቸው ከጉልበቴ በታች ነው። የምላት ነገር አዘጋጅቼ ነበር፦ «ነግሬሽ አልነበር?» የሚል። ከአፌ ሳይወጣ እሷ ቀደመችኝ።

«አክስቴ፣ አንደኛ ክፍል ሳለሁ የወላጆች ስብሰባ ላይ ማን እንደሚቀመጥልኝ ታስታውሻለሽ?»

አስታወስኩ። ማንም አይቀመጥላትም ነበር። ሁልጊዜ የሚደርስ ሥራ ነበረኝ፤ የሙሽራ ልብስ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የማያልቅ ጠርዝ። ስለዚህ ራሷ ትቀመጥ ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ በትልልቆቹ መሃል በእኔ ቦታ ተቀምጣ፣ የተባለውን በደብተሯ ይዛ መጥታ ማታ ታነብልኝ ነበር፦ «ወላጆች የልጆቻቸውን ጥፍር እንዲቆርጡ።» እኔም ከስፌቱ ቀና ሳልል «እሺ» እላት ነበር።

«አዎ» አልኩ።

«ባዶ ወንበር አልወድም» አለች። ወንበር መደራረቧን ቀጠለች።

እኔ ደግሞ ስናደድ እጄ ይፈጥናል። በማን እንደተናደድኩ ግን ለጊዜው አልነግራችሁም። በማግስቱ ሱቄ ገብቼ የተሰቀለውን ልብስ አንድ በአንድ አየሁ። የዚያ መዋዕለ ሕፃናት ወላጆች የሆኑ አሥራ ሁለት ደንበኞች ነበሩኝ። ለሁሉም መልእክት ላክሁ፦ «ልብስዎ ደርሷል። ርክክቡ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ ነው። ሱቁ ዝግ ነው።»

ከእነሱ አንዷ፣ አትክልት ሻጯ፣ ደወለችልኝ። «እትዬ፣ ቀሚሴን ለምን እዚያ ወሰድሽው?»

«እዚያ መስተዋቱ ጥሩ ነው።»

ሌላው ደንበኛዬ፣ ሾፌሩ፣ ሱቄ ድረስ መጣ። «እትዬ፣ ኮቴን አሁን ብትሰጪኝ?»

«ቁልፉ አልተተከለም።»

«ይኸው ተተክሏል እኮ!»

«የተተከለው ለሙከራ ነው። ቅዳሜ ና!»

ቅዳሜ ደረሰ። አሥራ ሁለቱን ልብሶች ከኋላ ግድግዳው ላይ፣ ከሕፃናቱ ሥዕል ሥር ደርድሬ ሰቀልኩ። ተቆጣጣሪው ክራቫቱን እስከ ጉሮሮው ያጠበቀ፣ እስክሪብቶ እንደ ሙቀት መለኪያ የሚይዝ ሰውዬ ነው። ልብሶቹን አይቶ ቅንድቡን አነሳ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የማስተማሪያ መርጃ» አልኩት። ጻፈው።

ወላጆቹ አንድ በአንድ እየመጡ በትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው እስኪደርስ ተቀመጡ። ክብርት ሊቀ ሕፃናት ሞጁሏን ገልጣ ጀመረች። «ጥናቶች የሚያሳዩት፣ ለልጅ 'አይሆንም' የሚለውን ቃል...»

«ይቅርታ እህቴ» አለ ሾፌሩ፣ «የኔው ልጅ መንገድ መሃል ሲሮጥ፣ መኪና ሲመጣ፣ አንቺ ሁልጊዜ እንደምትይው 'ምን ተሰማህ' ልበለው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ጆሮዋ ቀላ። ያኔ አትክልት ሻጯ ሳትስቅ እጇን አወጣች፤ ከእነዚያ ሁሉ እጅ ያወጣች እሷ ብቻ ናት። «መምህርት፣ የኔ ልጅ ይናከሳል። እቤት ማንም አይናከስም። እዚህ ግን የሰው ልጅ ይነክሳል ተብሎ በር ላይ ሲነገረኝ መሬት ብትውጠኝ እመርጣለሁ። ምን ላድርግ?»

ልጅቱ ገጽ ገለጠች። ወደ ኋላ ገለጠች። መልሱ ያለው ምዕራፍ አምስት ውስጥ ነበር መሰለኝ። በመጨረሻ ሞጁሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና በሃያ ሁለት ዓመቷ ከአፏ ሰምቼው የማላውቀውን ቃል ተናገረች።

«አላውቅም።»

ተቆጣጣሪው እስክሪብቶውን አነሳ።

«እቤት ሲናደድ ግን ምን ያበርድልዎታል?» ብላ ጠየቀቻት።

«እቤትማ... ድንች የማጥብበት ባልዲ አለ። እጁን እዚያ ከትቼ እጠብልኝ እለዋለሁ። ሦስተኛው ድንች ላይ ይስቃል።»

ክብርት ሊቀ ሕፃናት ደብተሯን አወጣች። «በባልዲ... ድንች... ሦስተኛው ላይ» እያለች ጻፈች። «ሰኞ ክፍሌ ውስጥ ባልዲ ይኖራል።» ሾፌሩ፣ «የኔው ደግሞ ካልሲ ያጥባል፣ ካልሲ ላምጣ?» አለ፤ አሁንም ተሳቀ፣ ግን ሳቁ ሌላ ነበር። ከዚያ ማን ያቁማቸው? አንዱ ስለማትተኛ ልጁ፣ ሌላዋ ከአያቱ በቀር የማንንም ስለማይሰማ ልጇ። እሷ ትጠይቃለች፣ እነሱ ይናገራሉ፣ እሷ ትጽፋለች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ልብሱ ያነሳ ሰው የለም።

በመጨረሻ ፊርማ ዞረ። ተቆጣጣሪው በእስክሪብቶው ጫፍ ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ።

«አሥራ አንድ።»

ወደ ግድግዳው ዞርኩ። አንድ ግራጫ ሱሪ ብቻውን ተሰቅሎ ነበር። ባለቤቱ አልመጣም። ልጅቱ ሱሪውን አየችው፤ ከዚያ ባዶውን ወንበር አየችው፤ ፊቷ ወዲያው የሰባት ዓመት ፊት ሆነ።

ሄጄ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ቀላል እንዳይመስላችሁ። «ወረቀቱን ይስጡኝ» አልኩት።

«እርስዎ ወላጅ ነዎት?»

«ወላጅ ወይም አሳዳጊ አይደል የሚለው? አሳዳጊ ነኝ።»

«ልጅዎ የትኛዋ ናት?»

«ያቺ። ደብተር የያዘችው።»

ቅጹን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ገልብጦ ጀርባውንም አየ። «የልጅ ዕድሜ የሚል አለ...»

«ሃያ ሁለት ብለው ይጻፉ።»

«ከዚህ ዕድሜ መብለጥ የለበትም የሚል መመሪያ አላገኘሁም» አለና ጻፈ። እንዲህ ያለ ቢሮክራት ዕድሜ ይስጥልን። ከፊርማው ቀጥሎ «የአሳዳጊ አስተያየት» የሚል ሁለት መስመር ነበር። ጻፍኩ፦ «ዘግይቼ በመምጣቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጥፍሯን ቆርጫለሁ።»

ሁሉም ልብሱን ይዞ ሄደ። እኔ ግን አልተነሳሁም፤ ወንበሩ ይዞኝ ቀርቷል። ክብርት ሊቀ ሕፃናት ቅጹን አንብባ ጨርሳ መጣች። ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለች፤ በዓይኔ ልክ ዝቅ አለች።

«አክስቴ፣ ምን ተሰማሽ?»

«ጉልበቴን አመመኝ» አልኳት።

አላመነችኝም። ግን ሁለት እጇን ዘርግታ አነሳችኝ።