ጠላት ያለቀሰበት ለቅሶ

በጦርነት ፊልም ውስጥ ሰው ለመሞት የሚፈጅበትን ጊዜ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ጥይቷ በደረቱ ገብታ በጀርባው ወጥታ፣ ምናልባትም አገሯ ገብታ ምሳዋን በልታ ስታበቃ፣ እሱ ገና ጓደኛውን አቅፎ ስለ እናቱ ይተርካል። ስለ እናቱ ሲጨርስ ስለ እጮኛው ይጀምራል። ፎቶዋን ከደረት ኪሱ ያወጣል። ፎቶው ደም አልነካውም። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ሰው ሲሞት አይቻለሁ፤ አብዛኛው የተናገረው የመጨረሻ ቃል "ውኃ" ነው፤ እሱም ከቀናው።

ይህን የምላችሁ በስማ በለው አይደለም። ጎልማሳነቴን የጨረስኩት ጣሊያን ሠርቶት በሄደው የጎንደር ሲኒማ ቤት በር ላይ ቆሜ ትኬት ስቆርጥ ነው። ሰው ገብቶ ሲያልቅ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ እኔም እገባለሁ። እንደዚያ እያልኩ ያልዘመትኩበት ጦርነት የለም። ከሩሲያው ጋር በበረዶ ተርመጥምጫለሁ፤ ከአሜሪካው ጋር ከመርከብ ላይ ዘልያለሁ፤ ከቻይናው ጋር በአንድ ዝላይ ግንብ ተሻግሬያለሁ፤ ከህንዱ ጋርማ በተኩስ መሐል ዘፍኛለሁ። ከእነዚህ ሁሉ መንግሥታት አንዱ እንኳ ጡረታ አልቆረጠልኝም።

ዓይኔ ደግሞ ክፉ ነው። የጥንቱ የሮም ወታደር ጋሻውን ወደ ላይ ሲያነሳ፣ ክንዱ ላይ የእጅ ሰዓት የነበረበትን፣ ፀሐይ ያልነካውን ነጭ ቀለበት ያየሁት እኔ ነኝ። አይቼም ዝም አላልኩም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አዳራሹ በሙሉ ፊልሙን ትቶ የወታደር ክንድ ሲመረምር አመሸ፤ ንጉሡ ሲገደል ያየ አንድ ሰው አልነበረም። ስድስት ጥይት የምትጎርስ ሽጉጥ ክረምት ከበጋ ስትተኩስ አይቻለሁ። ጀርመኑም ጃፓኑም ፈረንሳዩም፣ በተናደደ ቁጥር፣ እንግሊዝኛ ሲያቀላጥፍ ሰምቻለሁ። በጉድጓድ ውስጥ የከረመውን ጀግና ጢሙን ማን እንደሚላጨው እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም። ቅማልስ? ከቅማል ጋር ያልተዋጋ ሠራዊት በየትኛው አገር ነበር? ስንቅ የተሸከመችው ሴት፣ የበቅሎውን ገጣባ ያጠበው ሰው፣ በሶ የበጠበጠው እጅ የት ሄዱ? እንግዲህ በፊልም ዓለም ሠራዊት የሚዘምተው ቁርሱን ቤቱ በልቶ ነው ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ይቅር እላለሁ። ይቅር የማልለው አንድ ነገር ነው። ሰውየው ይወድቃል፤ ካሜራው በላዩ ላይ ተራምዶ ያልፋል። ማን ረዳው? ማን አለቀሰለት? ጦርነት እኮ ሲያልቅ ሰው ይቆጠራል፤ ቁጥሩ ደግሞ በየቤቱ ገብቶ ይለቀሳል። እኛ ዘንድ ሰው ወደቀ ማለት ወሬው ገና ተጀመረ ማለት ነው።

የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ የዓለምን ፊልም ሁሉ ሳማ የኖርኩት ሰውዬ ከጥቂት ዓመታት በፊት የፊልም ታሪክ አማካሪ ሆንኩላችሁ። ሕሊና የምትባል ወጣት ዳይሬክተር ስለ ጣሊያን ወረራ ዘመን አርበኞች ልትሠራ ከአዲስ አበባ መጣች። ስለ እኔ ማን እንደነገራት አላውቅም፤ ብቻ ቤቴን ጠይቃ አገኘችኝ።

"ጋሼ ዘለቀ፣ ፊልሙን ለውጭ ሰው ነው የማሳየው። አንድም የታሪክ ስሕተት እንዲገኝበት አልፈልግም" አለችኝ።

"አንድም" አልኳት።

ዘመኑን በዓይኔ አላየሁትም፤ የተወለድኩት ጣሊያን ከወጣ ከዓመታት በኋላ ነው። እሷ ግን ይህን አልጠየቀችኝም፤ እኔ ደግሞ ጨዋ አሳዳጊ ስላለኝ ያልተጠየቅኩትን አልመልስም። ሥራዬን የጀመርኩት በካውያ የተተኮሰ ልብስ ለብሰው የመጡትን አርበኞች አቧራ ላይ በማንከባለል ነው። አንዱን ጥርስህ ነጣ ብዬ መለስኩት። የጣሊያን ወታደር የሚሆኑትን የአዘዞ ጎረምሶችም እንደ ባዕድ እንዲራመዱ አስተማርኳቸው፤ ባዕድ ሰው በዳገት ላይ ሲራመድ ቁልቁል እግሩን ያያል፤ የአገሩ ሰው ግን ፊት ፊቱን ነው። ይህንን ከየት እንዳመጣሁት አትጠይቁኝ። ያምር ነበር።

ከፊልሙ ሁሉ ትልቁ ቦታ ለቅሶው ነበር። አንበሴ የሚባለው ጀግና ወድቋል፤ ሬሳው አልተገኘም፤ ወገኖቹ ሜዳ ላይ ወጥተው ያለቅሱለታል። ያን ጊዜ ጠላት ከጋራው ጀርባ ብቅ ብሎ በለቀስተኛው ላይ ይተኩሳል። ሕሊና ለዚህ የምትፈልገው ተዋናይ ሳይሆን እውነተኛ ሙሾ አውራጅ ነው። በወገራ፣ ከዳባት ወዲህ ባለው አገር፣ ሙሾ አውራጅ ካላችሁ ትርንጎ ናት። ትርንጎ ሙሾ ስታወርድ ሟቹ ራሱ ቀና ብሎ እንባውን ጠርጎ ተመልሶ ይተኛል ይባላል። የሚለው እኔ ነኝ፤ ግን ይባላል።

ሕሊናን ይዣት ሄድኩ። ትርንጎ ደጇ ላይ ገብስ ስታበጥር አገኘናት።

"ሟቹ ማን ነው?" አለች፣ ከሰላምታው ቀጥላ።

"አንበሴ ይባላል" አለች ሕሊና።

"አንበሴ የማን?"

ሕሊና ወረቀቷን ገለጥ ገለጥ አደረገች። "አንበሴ ብቻ ነው።"

"ምነው፣ አባት የለውም?"

"አባቱ ፊልሙ ላይ አይመጣም፣ እማማ።"

"አይምጣ። ስሙ ግን ይምጣ እንጂ። አገሩስ ወዴት ነው?"

"ተራራማ ቦታ ነው።"

"ተራራማውማ ዝንጀሮም አለው" አለችና ሰፌዷን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች። "አያ ዘለቀ፣ ሸጋ ልጅ ናት። ግን ሰው ሳይሞት ነው ለቅሶ የጠራችን።"

እንዲሁ እሺ ትላለች ብዬ ነበር። አላለችም። "ለሌለ ሰው አላለቅስም። ያልተለቀሰለት ሰው እያለኝ" አለች፤ ከዚያም ነገሩን ተናገረች።

አያቷ ማሩ ተገኘ በዚያው በጣሊያን ጊዜ ጠመንጃውን ይዞ እንደወጣ ቀረ። አንዱ ወንዝ ዳር ወደቀ አለ፤ ሌላው ሱዳን ሲሻገር አየሁት አለ። መርዶ ነጋሪዎች ሲመጡ ሚስቱ "ሬሳውን ወይ ሸማውን አምጡልኝ" ብላ ከአጥር ውጪ መለሰቻቸው። በሯን ሳትቀረቅር እያደረች ዕድሜዋን ጨረሰች። እሷ ያላስለቀሰችውን ልጅዋ ማስለቀስ ፈራ፤ ልጅዋም ሞተ። አሁን የቀረችው ትርንጎ ናት።

"የሰውን ሁሉ አስተኝቼ የኔው ቆሞ ቀረ" አለች። "ለብቻዬ እንዳላለቅስለት ለቅሶ ሰው ይፈልጋል፤ የተጫነ ፈረስ ይፈልጋል፤ ጠመንጃ ይፈልጋል። ለእንዲህ ላረጀ መርዶ ገበያውን ጥሎ የሚመጣ ማን አለ? እናንተ ሰውም ፈረስም አላችሁ። ሟች ነው የጎደላችሁ። እኔ ሟች አለኝ።"

እውነት እላችኋለሁ፣ በዓለም ፊልም ሁሉ እንዲህ ያለ ውል ሲቀርብ አላየሁም።

ሕሊናም የዋዛ አይደለችም። ፊልሙ ሲጀመር አንበሴ ተብሏል፣ መሐሉ ላይ አንበሴ ተብሏል፤ አሁን ማሩ ቢባል ተመልካቹ ማን እንደሞተ አያውቅም። ስሙ አይለወጥም አለች። ካልተለወጠ እኔም ከደጄ አልነቃነቅም አለች ትርንጎ። ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ እንዲህ ያለው እልህ ነው የሚያስፈራው። እኔ መሐላቸው በወፍጮና በመጅ መካከል እንደ ገባ እህል ተቀመጥኩ።

እሺ ይበልጣል ከሺህ ይላሉ አባቶቻችን። ሕሊናን ለብቻዋ ወስጄ "አንበሴ ትላለች፣ ለእኔ ተይው" አልኳት። ትርንጎን ለብቻዋ ወስጄ "ማሩ በይ፣ በፊልም ለቅሶ ላይ ሙዚቃ ይጫንበታል፤ ቃሉን የሚሰማ የለም" አልኳት። ሁለት እሺ ከአንድ እሺ ይበልጣል ብዬ ነው።

በቀጠሮው ጠዋት ሜዳው ጢም አለ። ፈረሱ ባማረ ኮርቻ ተጭኖ፣ የሟች ሸማና ጠመንጃ በላዩ ተደርጎ፣ ክብ ሠርቶ የቆመውን ሕዝብ እንዲዞር ተለቀቀ። ጎረምሶቹ የቆርቆሮ ቆባቸውን ደፍተው ከጋራው ጀርባ አድፍጠዋል። ሻምበላቸውን የሚሠራው ረጅሙ ይርጋ ነው፤ አዘዞ ሚኒባስ ይነዳል፤ እናቱ ጌጤ ግን የወገራ ሰው ናት። ትርንጎ ነጠላዋን አገልድማ መሐል ገባች። አንገቷን ደፋ አድርጋ ጀመረች።

*በሯን ሳትቀረቅር ስንት ዘመን አየች፣*
*አንተን ስትጠብቅ እሷ ቀድማ ሄደች።*

*ማሩ ተገኘ ሆይ በቃህ መንከራተት፣*
*ዛሬ ተለቀሰ ግባ ካባትህ ቤት።*

ስሙ ሲጠራ ሕዝቡ አንገቱን ቀና አደረገ። ስሙን ያውቀዋል፤ በየቤቱ ሲወራ የኖረ፣ ግን በሜዳ ተጠርቶ የማያውቅ ስም ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለቅሶ ልነግራችሁ አልችልም። ደባርቅ ድረስ ተሰማ ብል ታምኑኛላችሁ? እንግዲያው ዳባት ብቻ በሉት። ለመታየት የመጣው ሁሉ እያለቀሰ ቀረ። ወንዱ ደረቱን ይደቃል፤ ሴቷ ፊቷን ትነጫለች። ሕሊና ስሙን ሰምታ በዓይኗ ወጋችኝ፤ ግን ካሜራው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅምና አላቋረጠችም። እጇን አነሳች። ጠላት እንዲመጣ ምልክቱ ያ ነበር።

ጠላት መጣ።

እዚህ ላይ የአገራችንን ሥርዓት አስቡ። ሰው ለቅሶ ላይ ሲደርስ ከሩቁ ዋይ እያለ ነው የሚገባው እንጂ እንደ ገበያተኛ ዝም ብሎ አይቀላቀልም። ይርጋ ጋራው ላይ ብቅ ሲል የሰማው እናቱ ስትነግረው ያደገውን የገዛ ዘመዱን ስም ነው፤ ማሩ የእናቱ አያት ወንድም ነው። መጀመሪያ ቆመ። ቀጥሎ ጠመንጃውን ጣለ። ከዚያ ቆቡን አውልቆ፣ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ፣ "ወይኔ አያቴን፣ ወይኔ አያቴን" እያለ ቁልቁለቱን ወረደ። የሻምበሉን ያየ ሠራዊት ምን ያድርግ? ከአዘዞም ይምጣ ከኮላ ድባ ሁሉም የለቅሶ አገር ልጅ ነው። ከሮም ድረስ የተላከው ጦር በሙሉ ተሰልፎ፣ ደረቱን እየደቃ፣ ባርኔጣውን በብብቱ ይዞ ለቀስተኛው መሐል ገባ። ትርንጎ አየቻቸው። አልተደናገጠችም።

*የገደለህ መጥቶ ሲያለቅስልህ ዋለ፣*
*ማሩ ተገኘ ሆይ ምን የቀረህ አለ።*

ሕሊና "ካት" አለች። ደገመችው። ለቅሶ በካት አይቆምም። ሲቆም በራሱ ጊዜ ቆመ፤ የደብሩ ቄስ ፍትሐት አደረሱ፤ ንፍሮ ቀረበ፤ ጣሊያኖቹም ቁጢጥ ብለው ቆረጠሙ።

ሕሊና ለትርንጎ እንደገና እንሥራው አለቻት፤ ለመነቻት።

"ሰው ሁለት ጊዜ አይለቀስለትም፣ ልጄ" አለች ትርንጎ። የሕዝቡም መልስ ያው ነበር። ሜዳው ባዶ ቀረ።

ዳይሬክተሯ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የቀረጸችውን ደጋግማ አየች። እኔ ለስድብ ተዘጋጅቼ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ቀና ብላ "ጋሼ፣ በታሪክ ጣሊያን ለአርበኛ አልቅሶ ያውቃል?" አለችኝ።

"አያውቅም" አልኳት። አማካሪ ከሆንኩ ወዲህ የሰጠሁት ትክክለኛ ምክር ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

"እንግዲህ ዛሬ አለቀሰ" አለችና መሣሪያዋን ከተተች። አንዲትም አልቆርጥም፣ ስሙንም አልነካም፣ ሙዚቃም አልጭንበትም አለች። ሰዎቿ ፊልሙ ይበላሻል ብለው ሁለት ወር ተሟገቷት ሲሉ ሰማሁ። ንቅንቅ አላለችም።

ፊልሙ ጎንደር ሲታይ ትርንጎን ከወገራ አስመጥቼ አጠገቤ አስቀመጥኳት። ጥይቱን፣ ጭሱን፣ ፉከራውን አቀርቅራ አሳለፈችው። ለቅሶው ሲመጣ ቀና አለች። የማሩ ስም በዚያ ሁሉ ሕዝብ ላይ ሲጠራ ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ከኋላችን መነጽር ያደረገ አንድ ሰው፣ ወጣት ሳለሁ እኔን የሚመስል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ይኸ እንኳ ስሕተት ነው። ሟቹ አንበሴ አልነበረም እንዴ? ጣሊያንስ መቼ አለቀሰ? ታሪክ አበላሹ" አለ።

እኔ ወደ ኋላ ዞሬ፣ አልቅሶ ያመፀ አንድ የጣሊያን ሻለቃ እዚያው ልፈጥርለት አፌን ከፍቼ ነበር። ትርንጎ ቀደመችኝ።

"ጣሊያን አይደለም፣ ልጄ" አለችው ረጋ ብላ። "የጌጤ ልጅ ነው። ለአያቱ ነው ያለቀሰ።"

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገ፤ መልሶ አደረገ። የተናገረችው ሁሉ እውነት ነው።

ለቅሶው ሲያልቅ ትርንጎ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች። ፊልሙ ገና እኩሌታው ላይ ነበር፤ ትልቁ ውጊያ ከፊታችን ነው።

"ትርንጎ፣ አላለቀም እኮ" አልኳት።

"የኔው አልቋል፣ አያ ዘለቀ" ብላኝ፣ ጦርነቱን ማን እንዳሸነፈ ሳታይ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።