ፕላኔቷን ያራቋት ሹፌር

እጁን ሳያቆሽሽ ሙያውን ሁሉ የሚያውቅ ሰው የሌለበት ከተማ በዓለም ላይ የለም። አናጺ ሚስማር ሲመታ ከኋላ ቆሞ «ትንሽ ወደ ግራ» ይላል። የመኪና ኮፈን በተከፈተበት ሁሉ አንገቱን ያስገባል። ፀጉር ቤት ገብቶም የሚላጨው ሌላ ሰው ሆኖ ሳለ፣ በመስታወቱ ውስጥ ለፀጉር አስተካካዩ በቅንድቡ ምልክት ይሰጣል።

በጅማ፣ በተለይም በአወቱ መንደራ፣ ይህን ታላቅ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር ጋሽ ቲጃኒ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ቡና ጭነው ከጅማ አዲስ አበባ የተመላለሱ ሹፌር ነበሩ። ጉልበታቸው ፍሬን መርገጥ እምቢ ሲል ጡረታ ወጡ፤ ዓይናቸውና ምላሳቸው ግን አልወጡም። እኔ ነጅላ ደግሞ በዚያው ሰፈር ትንሽ የግራፊክስ ቤት አለችኝ። የሠርግ ካርድና ባነር እሠራለሁ፤ ፋታ ሳገኝ በኮምፒውተር የሌላ ዓለም መልክዓ ምድር እስላለሁ፤ ሁለት ፀሐይ የወጣባቸው በረሃዎች፣ ከአድማስ ብቅ ያሉ ግዙፍ ፕላኔቶች። ጋሽ ቲጃኒ በየጠዋቱ ከኋላዬ ያለችው ዱካ ላይ ይሰየማሉ።

«አሰላሙ ዓለይኩም። አልመሰለም።»

ሰላምታቸው ይኸው ነው። ለምርቃት ባነር ያቆምኩትን ተመራቂ «አንገቱ የት ሄደ?» ብለውታል። የሙሽራ ካርድ ላይ ያስቀመጥኳትን ጽጌረዳ «ጎመን ናት» ብለዋታል። አንዴ ጎረቤታችን አጥር ሲያሳጥር ሠራተኞቹን አስቁመው «ቋሚው ዘሟል» አሉ። ሁሉም ሳቀባቸው። በውሃ ልክ ሲለካ፣ ወላሂ፣ ዘሞ ተገኘ። የሚያናድደው ይኼ ነው።

ባለፈው ጥቅምት አዲስ አበባ ያለ አንድ የልጆች መጽሐፍ አሳታሚ የሽፋን ሥዕል እንድሞክር ጠየቀኝ፤ አንዲት ልጅ በማናውቀው ዓለም ቆማ ሰማዩን የሞላ ፕላኔት ስታይ። ሌላም ሰዓሊ እየሞከረ ነበር፤ የተሻለው ይታተማል። አራት ዓመት የጠበቅኩት ጥሪ ነው።

ሁለት ሳምንት ለፋሁ። ፕላኔቷን በየጉድጓዷ፣ በየስንጥቋ አስጌጥኳት፤ የጥላ ጎኗን እንደ ከሰል አጠቆርኩት፤ ዳርቻዋን እንደ ምላጭ ስል አደረግኩት። ጋሽ ቲጃኒ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ፕላኔት።»

«ላኪ፣ አይደለችም! ትሪ ናት። ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ትሪ። እጄን ብዘረጋ አወርዳታለሁ።»

ደሜ ፈላ። «ጋሽ ቲጃኒ፣ ለመሆኑ እርስዎ ፕላኔት ሄደው ያውቃሉ?» አልኳቸው፤ ደንበኞች ፊት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ከዘራቸውን አንስተው ወጡ። በማግስቱ አልመጡም። በሠልስቱም። እኔ በእልህ ሥዕሉን እንዳለ ላክሁት። መልሱ ረቡዕ መጣ፦ «ቆንጆ ነው፤ ግን ፕላኔቷ አጠገባችን ያለች ትመስላለች፣ ግዙፍነቷም አይሰማም። እስከ ዓርብ አስተካክለሽ ላኪ።»

ሰቶ ሰመሮ ሰፈር፣ ጋሽ ቲጃኒ ቤት ሄድኩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ለጢፋ በሩን እንደከፈቱ «አልሐምዱሊላህ! መጣሽልኝ?» አሉ። «እቤት ከዋሉ ጀምሮ ሽንኩርት አወፈርሽ፣ ወጥ በግራ እጅ አማሰልሽ እያሉ ሊጨርሱኝ ነው።»

ጋሽ ቲጃኒ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀምጠዋል።

«አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። «አሳታሚውም እርስዎ ያሉትን ነው ያለው።»

ቀስ ብለው ዞሩ። «ትሪ አለ?»

«ትሪ አላለም። ግን ያው ነው።»

«ነገ በጠዋት ተዘጋጂ።»

በማግስቱ በባጃጅ ከከተማ የሚያስወጣውን የደዶን መንገድ ይዘን ዳገቱ ላይ ወረድን። ከፊታችን ተራራ ከተራራ ጀርባ ተደርድሯል። በከዘራቸው ጠቆሙኝ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ቅርቡን እዪ። ዛፉ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሁለተኛው ሰማያዊ ለብሷል። ሦስተኛውማ ጢስ ነው። ነገር በራቀ ቁጥር የራሱን ቀለም እየጣለ የሰማዩን ይለብሳል። አንቺ ግን ከሁሉ የራቀውን ከሁሉ አደመቅሽው።»

ከዘራው ወደ ምዕራብ ዞረ። ሳትጠልቅ የነጋባት ጎደሎ ጨረቃ ከተራራው በላይ ገርጥታ ትታያለች። «የጎደለው ጎኗ ጥቁር ነው?»

አየሁ። ጥቁር የሚባል ነገር የለም። ጥላዋ ከሰማዩ ጋር አንድ ሰማያዊ ሆኗል፤ ሰማዩ ውጦታል። ስንት ጠዋት ያለፍኳትን ጨረቃ ገና ያን ቀን አየኋት።

«ግዙፍነቱስ?» አልኩ።

ከማዶ ተራራ ወገብ ላይ አንዲት የጭነት መኪና እንደ ጉንዳን ትሳባለች። «እሷን ሳታዪ ተራራው ምን ያህል ነበር? አሁንስ?»

ተራራው ዓይኔ እያየ አደገ።

ሮጬ ሥራዬ ላይ ተቀመጥኩ። ጥላውን የሰማዩን ቀለም አለበስኩት፤ የፕላኔቷን ግርጌ ጉም ውስጥ አቀለጥኩት፤ በፊቷ ቀጭን ደመና አሳለፍኩ፤ ልጅቷን ከጥፍር አሳነስኳት። ጋሽ ቲጃኒ ኮረብታው ላይ አይሱዙ ይጨመር ብለው ግማሽ ቀን ሞገቱኝ። በዚያ ዓለም አይሱዙ የለም ብላቸው «ቡና ካለ አይሱዙ አለ» አሉ። ያለ አይሱዙ ላክሁት። ተመረጠ! መጽሐፉ ሲታተም ከስሜ ቀጥሎ የእሳቸውን ስም አስገባሁ። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩትና «ፊደሉ ደቀቀ» አሉ።

ባለፈው ወር ከመንገዱ ማዶ ሸምሰዲን የሚባል ወጣት ሌላ ግራፊክስ ቤት ከፈተ። ጋሽ ቲጃኒ «ልጁ ምንም አያውቅም፣ ያሳዝናል» ብለው ጠዋት ጠዋት እሱ ዘንድ መሰየም ጀመሩ። ዱካዬ ባዶ ሆነች። ስመኘው የኖርኩት ፀጥታ መጣ፤ ሥራዬም ቀለጠፈ። ሦስት ቀን ቻልኩት። ከዘራቸው በሸምሰዲን ባነር ላይ ስትወዛወዝ በመስኮት አያለሁ። ምን ልደብቃችሁ፣ ቀናሁ።

በአራተኛው ቀን አንድ ሐይቅ ሳልኩ፤ ፀሐይዋን በግራ አድርጌ፣ የዛፎቹንም ጥላ እዚያው ወደ ፀሐይዋ ዘርግቼ። ስክሪኑን ወደ በሩ አዞርኩና ጠበቅኩ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም፤ ባጃጆቹን በከዘራቸው እያስቆሙ አስፋልቱን ተሻገሩ።

«ያ ረቢ! ነጅላ፣ ምን ነካሽ?» እያሉ ገቡ፤ ተቀመጡም።

እኔም ትክክል ነኝ ብዬ ድርቅ አልኩ። ቶሎ አሸንፈው እንዳይሄዱብኝ የቻልኩትን ያህል ተሟገትኩ፤ እስከ ቀትሩ የዙህር አዛን አቆየኋቸው።