ዳዶ የምናጠብቅበት መታጠፊያ

«ሞተሩን አጥፋው» አሉኝ። አጠፋሁት። ሰፈሩ «ጋሼ ይሰማሃል» የሚላቸው ሽማግሌ የካቻቢቴያቸውን ጫፍ በግራ የኋላ ጎማ መሀል ላይ ተከሉ፤ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ባለቤቴ ሻንጣ እንደያዘች ቆመች። ሁለቱ ልጆቼ ትንፋሻቸውን ዋጡ።

«ይሰማሃል?»

ምንም አልተሰማኝም። የቆመ መኪና፣ ያውም ሞተሩ የጠፋ፣ ምን ይላል?

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የራሱ መኪና የለውም፤ የሌላው መኪና ግን ያለ እሱ ቡራኬ ከግቢ አይወጣም። የእኛው ሊቀ ሞተር ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ናቸው። ጠዋት ሲያገኙኝ «እንዴት አደረች?» ይሉኛል። መጀመሪያ ሰሞን «ደህና ናት፤ ልጆቹም ደህና ናቸው» እል ነበር። የሚጠይቁት ለካ ስለ መኪናዋ ነው።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሰው ለጉዞ ሲሰናዳ ካቻቢቴያቸውን ይዘው በር ለበር ይዞራሉ። ልብስ ሰፊው ሞተሯ የወጣ፣ አራት ወር ድንጋይ ላይ የተቀመጠች መኪና ነበረችው። ጆሯቸውን ለጠፉባትና «አልሞተችም፤ ሰው እየጠራች ነው» አሉ። ልብስ ሰፊው ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ግን በአጠገቧ ሲያልፍ ይፈጥናል። መምህርቷን «ሦስተኛው ቁልቁለት ላይ እምቢ ትልሻለች» አሏት። ሦስተኛው ቁልቁለት ላይ መኪናዋ ቆመች። መምህርቷ ይህን ስታወራ ዛሬም ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች።

ችግሩ ጆሯቸው አይደለም፤ እጃቸው ነው። ጎማ ይፈታሉ፣ ያያሉ፣ ይመልሳሉ፤ ጎማውን የሚይዘው ዳዶ ግን አይጠብቅም። ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጣሉ። ይህን ፊት ለፊት የሚነግራቸው ደፋር አልተገኘም። ስለዚህ ሰፈሩ ዘዴ አበጀ። አመስግነህ ትነሳለህ፣ በዝግታ ትነዳለህ፣ መታጠፊያው ላይ ካለው የድንጋይ አጥር ጀርባ ትቆማለህ። አጥሩ ስንጥቅ ውስጥ የሁላችንም የሆነ የጎማ መፍቻ አለ። ማን እንዳስቀመጠው የሚያውቅ የለም። ዳዶህን አጥብቀህ፣ መፍቻውን መልሰህ፣ እየሳቅህ ትሄዳለህ።

የዚያን ቀን የምሄደው ሦስት ዓመት ወዳላየኋት እናቴ ነበር። መንገዱ የአንድ ቀን ነው፤ ግማሹ ገደል ለገደል። መኪናዬን ጋራዥ ሁለት ጊዜ አይቷት ምንም የለባትም ብሏል። ጋሼ ግን ጎማውን ፈቱ፣ ምንም አላገኙም፣ መለሱት፤ ከዚያ ዛሬ እንዳልነሳ ነገሩኝ።

«ጋሼ፣ እናቴ በር ላይ ቆማ ነው የምትጠብቀኝ።»

«ትጠብቅ። ከመቅረት መዘግየት ይሻላል።»

አመሰገንኳቸውና ተነሳሁ።

ከአጥሩ ጀርባ ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ። ከአምስቱ ዳዶ ሦስቱ በጣት ይዞራሉ። መፍቻውን ከስንጥቁ ስቤ አንድ በአንድ አጠበቅኩ። ስጨርስ ፀሐይ እጀታው ላይ አረፈች። ጫፉ ላይ ዝገት የበላው ቀይ ቀለም አለ። ስንት ጊዜ ይዤዋለሁ፤ አይቼው አላውቅም። ቅድም ጆሯቸው ላይ የለጠፉት ካቻቢቴም ጫፉ ቀይ ነው። ሳጥናቸው ውስጥ ያለ መሣሪያ ሁሉ ጫፉ ቀይ ነው።

እንደተንበረከክሁ ቀረሁ። መፍቻውን ያስቀመጡልን እሳቸው ሆነው፣ ሸወድናቸው ብለን ስንስቅ የኖርነው እኛ ነን።

ያኔ ሰማሁት። ከግራ የኋላ ጎማ፣ ጥፍር ጣሳ ሲያንኳኳ የሚመስል ድምፅ። ሦስት ጊዜ። ዝም አለ። እንደገና ሦስት ጊዜ። ትንሿ ልጄ አንገቷን በመስኮት አወጣች።

«አባ፣ ማነው የሚያንኳኳው?»

መኪናዋን አዙሬ በእግር ፍጥነት ተመለስኩ። ጋሼ ይሰማሃል በራችን ላይ በርጩማ ስበው ተቀምጠዋል። መኪና ማንሻው ክሪክ ከጎናቸው ነው።

«አጠበቅከው?»

«አጠበቅኩት።»

«ጎበዝ። በል ፍታው።»

ሰኞ ጋራዡ ሲከፍተው ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ተሰንጥቆ ተገኘ። መካኒኩ ግን የቆመ ጎማ ድምፅ አያወጣም አለ። ሐሙስ፣ ኩሽኔታው ተቀይሮ ጋሼም ጎማውን ፈተው ከመለሱ በኋላ፣ መታጠፊያው ላይ ቆሜ ዳዶውን አጠበቅኩ፤ መፍቻውን ወደ ቦታው መለስኩ፤ ማታ እናቴ ዘንድ ደረስን።